የብርካው ውኃ በጠርሙስ

የያዙኝ ጠርሙስ ይዤ ነው።

ሌላው ሰው መሣሪያ ይዞ ይያዛል፣ ወረቀት ሲበትን ይያዛል፤ እኔ የተያዝኩት በማርማላታ ጠርሙስ ነው። እስከ ግማሹ የብርካ ውኃ ነበረበት። ውኃው ውስጥ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ትንሽ የሚበልጥ፣ ጠፍጣፋ፣ ቡናማ ነፍሳት ይዋኛል። ከቀብሪበያ ወደ ጅግጅጋ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ጠርሙሱን ጉልበቴ ላይ አቅፌ ተቀምጬ ነበር። ኬላው ላይ ሁላችንንም አስወረዱን። ፈታሹ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንስቶ አየውና ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የውኃ ነፍሳት ነው። የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ለተማሪዎቼ የማሳየው ነው።»

«ክዳኑን ለምን በሳሳኸው?»

«እንዲተነፍስ።»

ይህን ስል አንድ ተሳፋሪ ሳቀ። ፈታሹ አልሳቀም። ሾፌሩን ጠርቶ ከየት እንዳሳፈረኝ ጠየቀው፤ ሾፌሩም መንገድ ዳር ካለው ብርካ አጠገብ ነው አለ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የተጫንኩበትን ፒክአፕ ወለልና አንገቴ ላይ ያረፈውን ጫማ ነው።

ብርካ ማለት መሬት ተቆፍሮ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ፣ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው። ዝናቡ ሲሄድ ሰውም ከብቱም የሚኖረው በእሱ ነው። ስለዚህ በዚያ አገር ሰው ለማጥፋት የፈለገ ብዙ ወንጀል መፈብረክ አያስፈልገውም፤ «ውኃ ውስጥ ነገር ጨመረ» ማለት ይበቃዋል። እኔ ከውኃው ወሰድኩ እንጂ አልጨመርኩም። ይህን ለስንት ሰው እንደተናገርኩ አላውቅም። የሚሰማ አልነበረም፤ የሚመታ ግን ሞልቶ ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል ከከተማው ወጣ ብሎ የሚገኝ የድሮ የእህል መጋዘን ነው። የቆርቆሮ ጣሪያው በቀን ይግላል፣ ንጋት ላይ ይንጠባጠባል። የአሮጌ ማሽላና የሽንት ሽታ አለው። ግድግዳው ከወለሉ እስከ ሰው ደረት ድረስ በተጨፈለቀ ትኋን ጠቁሯል፤ ከእኔ በፊት ብዙ ሰው እዚያ ተቀምጦ ጣቱን ግድግዳው ላይ ሲጠርግ ኖሯል። ጥግ ላይ አፉ የተቆረጠ ቢጫ የውኃ ጀሪካንና የመጸዳጃ ባልዲ ነበሩ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ሁለት ሰዎች አየሁ። አንደኛው የሚኒባሱ ሾፌር ነው፤ እኔን በማሳፈሩ ነው የታሰረው። ሌላው ጢሙ በሂና የቀላ ረጅም ሽማግሌ ነበር። የብርካው ባለቤት ነው። እኔን ሌላ ክፍል ውስጥ ሲቀጠቅጡኝ እሱን ከቤቱ አምጥተውታል።

«መዓሊን» አለኝ። መምህር ማለቱ ነው። አማርኛውን የለመደው ባቢሌ ገበያ ግመል ሲሸጥ ነው። «ነፍሳት ብቻ ነው አልከኝ።»

«ነፍሳት ብቻ ነው፣ አዴር።» አዴር አጎት ማለት ነው፤ ጅግጅጋ ውስጥ ትልቅ ሰው የሚጠራው እንዲህ ነው።

«ነፍሳት ሰው ያሳስራል?»

ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ። ሾፌሩ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «አትፍረድበት» አለኝ። «ብርካው መንገድ ዳር ነው። አንድ ባለጊዜ ዓይኑን ጥሎበታል፤ ሽማግሌው አልሸጥም ብሏል። አሁን ሰበብ አገኙ።»

ሰበቡ እኔ ነበርኩ። መማሪያ መጽሐፉ ላይ ሥዕሉ አለ፤ እኔ ግን ተማሪዎቼ ሥዕል ብቻ አይተው እንዲቀሩ አልፈለግሁም። ብርካው ዘንድ ሄድኩ፣ ሽማግሌውን አስፈቀድኩ፣ «ውሰድ፣ ለኛ ምን ያደርግልናል» አለኝ፣ ቀዳሁ። ከዚህ ውስጥ የትኛው ጥፋት እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

የጀሪካኑን ውኃ የሚያካፍለው ሽማግሌው ነበር። ማንም አልሾመውም፤ ዕድሜው ሾመው። የትከሻ ሻሹን በጣሳ አፍ ላይ ዘርግቶ ውኃውን በሻሹ ውስጥ ያንቆረቁራል፤ የብርካ ሰው ውኃ የሚጠጣው እንዲያ አጥልሎ ነው። መጀመሪያ ራሱ ይጠጣል፣ ቀጥሎ ሾፌሩ። የእኔን አጥልሎ መሬት ያስቀምጥና ጣሳውን በእግሩ ይገፋልኛል። ለእኔ ሲሆን ማጥለሉን አለመተዉ ይገርመኝ ነበር፤ በእግሩ መግፋቱን ግን ዋጥ አድርጌ ማለፍ አልቻልኩም። አንድ ቀን «በእጅዎ ቢሰጡኝ ምን ይሆናሉ?» አልኩት።

«እጄ ሌላ ሥራ አለው» አለኝ።

መርማሪው ከእኔ የሚያንስ ወጣት ነበር። ሽቶ ይቀባል፤ አማርኛው ከእኔ አማርኛ የጠራ ነው። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽማግሌው ልኮኝ ብርካው ውስጥ መርዝ ላራባ እንደነበር እንድናገር። ለምን የገዛ ውኃውን እንደሚያስመርዝ ስጠይቀው «ለመንግሥት መኪናዎች ውኃ ስለሚቀዳበት ነዋ» አለኝ። አስቦበታል።

ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን አይነካውም፤ ትንሽ ቆይቶ ዝንብ እየያዘ ይጨምርለት ጀመር። አንድ ጠዋት ገና ስገባ ጠራኝ።

«ና እይ መምህር። ቁርሱን ሰጠሁት።»

ነፍሳቱ ከጠርሙሱ ጎን ተለጥፎ፣ ከኋላው የወጣችውን አጭር መተንፈሻ ከውኃው በላይ አውጥቶ ነበር። ዝንቧ ውኃው ላይ ስትንፈራገጥ አልተነቃነቀም። ተንፈራግጣ ተንፈራግጣ አጠገቡ ስትደርስ የፊት እግሮቹ እንደ ሰንጢ ተዘረጉና ያዟት።

«አሁን ምን እያደረጋት ነው?»

መመለስ አልነበረብኝም። ግን መምህር ነኝ፤ የተጠየቀ ነገር አፌን ይበላኛል። «አፉ መርፌ ነው። ይወጋትና ምራቁን ይለቅባታል። ምራቁ ሥጋዋን ውስጥ ለውስጥ ያሟሟዋል፤ ከዚያ ይመጠዋል።»

«ቆዳዋስ?»

«ቆዳዋ እንዳለ ይቀራል። ከላይ ሲያዩዋት ደህና ዝንብ ነው የምትመስለው።»

ሳቀ። «ሙያ አለው ልጁ!»

«ሙያው መጠበቅ ነው። አያሳድድም።»

«እኔም አላሳድድህም» አለና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «ራስህ ትመጣለህ።»

ከደበደበኝ ቀናት ሁሉ አብልጬ የጠላሁት ያን ቀን ነው። ዱላው የእሱ ነው፤ ይሄ ነፍሳት ግን የእኔ ነበር። በኩሬ ዳር ተንበርክኬ ስንት ጊዜ ያየሁትን፣ የወባ ትንኝ እጭ ሲለቅም ያደነቅኩትን ፍጥረት የሱ ዓይነት ሰው አደረገብኝ።

አንድ ነገር ግን አልነገርኩትም። የነፍሳቱ ጀርባ ላይ እንደ ሩዝ ፍሬ ተጠጋግተው የተለጠፉ ነገሮች ነበሩ። መርማሪው የተፈጥሮ መልኩ መስሎታል። እንቁላሎች ናቸው። ሴቷ ወንዱ ጀርባ ላይ በሙጫ ትለጥፍና ትሄዳለች፤ ተሸክሞ የሚያሳድጋቸው አባትየው ነው። ውኃ ውስጥ ብዙ ከቆየ ታፍነው ይሞታሉ፣ ከውኃ ወጥቶ ከቆየ ደርቀው ይሞታሉ፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ጀርባውን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ይውላል። ክንፍ አለው፤ ግን እንቁላሉ ክንፉ ላይ ስለተለጠፈ እስኪፈለፈል ድረስ መብረር አይችልም። ለተማሪዎቼ ላሳያቸው የፈለግሁት ይህን ነበር።

አብረውኝ ለታሰሩት ግን ነገርኳቸው። የውኃ ትኋን ብዬ ነው ያስተዋወቅኋቸው፤ ግድግዳው ላይ ላሉት ትኋኖች የሩቅ ዘመድ ነውና። ሾፌሩ በሳቅ ፈረሰ።

«ሚስቱስ? የት ሄዳ ነው?»

«ሌላ ወንድ ጀርባ ላይ ልትጥል።»

«ዋላሂ ይሄንንማ ቀብሪበያ ላይ አውቀዋለሁ!»

ሽማግሌው እስከዚያ ድረስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ተኝቶ ነበር። ቀና አለ።

«አባት ነው?»

«አዎ አዴር፣ አባት ነው።»

«እንግዲያው ከልጆቹ ጋር አሳስረኸዋል» አለና ተመልሶ ተኛ። ሾፌሩ ሳቁን አቋረጠ። ሽማግሌው ራሱ ልጆቹ እያዩት ነበር የታሰረው።

ከጊዜ በኋላ መርማሪው በጩኸት አስጠራኝ። ስገባ ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ምን አድርገህበት ነው? ተባዛ እኮ!»

ጠርሙሱ ውስጥ ገና ቀለም ያልያዙ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ፍጥረቶች ይተራመሱ ነበር። ተፈልፍለዋል። ተፈልፍለው ሳይውሉ ሳያድሩ አዳኞች ናቸው፤ እግራቸውም መርፌያቸውም ተሟልቶ ነው የሚወጡት። አባትየው ባዶ ጀርባውን ይዞ ጥግ ላይ ተንሳፍፏል። ለመጀመሪያ ጊዜ መርማሪው እንደሚፈራ አየሁ፤ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

«እንቁላል ነበር፤ ተፈለፈለ። ሌላ ነገር የለም።»

«ምን ይበላሉ?»

«የሚበላ ካጡ እርስ በርስ ይበላላሉ።»

ይህን ሲሰማ የፊቱ ቀለም ተመለሰ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ጠርሙሱን ወደ ራሱ ሳበው። «ጥሩ» አለ። «ነገ ካሜራ ይመጣል። ሽማግሌው እያለ፣ ጠርሙሱን እያሳየህ ትናገራለህ። ከተናገርክ ወደ ክፍልህ ተመልሰህ ታስተምራለህ። ካልተናገርክ ከሱ ጋር ትሄዳለህ።»

«የት?»

«እሱ የሚሄድበት።»

እዚያ ግቢ ውስጥ «ሄደ» የተባለ ሰው ተመልሶ እንዳልታየ ሁላችንም እናውቃለን። ልጄ ገና ጥርስ እያወጣች ነበር። ፈራሁ። ወደ ክፍሉ ተመልሼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ምክር ፈልጌ ነበር መሰለኝ። ሾፌሩ አቀርቅሮ ጣቶቹን ማየት ጀመረ። ሽማግሌው ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብሎ ተናገረ።

«ትናገራለህ። ሐበሻ ነህ፣ ከመሃል አገር የመጣህ፤ ነገ ወደ አገርህ ትሄዳለህ። ውኃው የኛ ነው፣ አንተ ምን አገባህ?»

በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ስለ እሱ ስደበደብ ከርሜ፣ በእግሩ የሚገፋውን ጣሳ እየተቀበልኩ ከርሜ፣ አሁን ደግሞ ከሃዲነቴን ገና ሳልከዳ ይነግረኛል! ሰዎች ሲጠይቁኝ ሕሊናዬ ነው እላለሁ። ሕሊናም ነበረበት፤ ያን ቀን የወሰነልኝ ግን ንዴቴ ነው። ሽማግሌው ልክ ሆኖ እንዳይገኝ እፈልግ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ግቢው ውስጥ ካለች ግራር ሥር ጠረጴዛ አወጡ። አበባ ያለበት የጠረጴዛ ልብስ አለበሱት፤ ጠርሙሱን መሃሉ ላይ አስቀመጡ። ለእኔ የታጠበ ሸሚዝ ሰጡኝ። የሰፋኝ ሸሚዝ ነበር፤ የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሽማግሌውን ከጎኔ አቆሙት። ካሜራ የያዘው ሰውዬ ዓይኔን ላለማየት ሽቦ ይጠቀልላል። መርማሪው ኮት ለብሷል።

«ጀምር።»

«በጠርሙሱ ውስጥ ያለው የውኃ ትኋን ነው» አልኩ። እየተናገርኩ ስሄድ ተማሪዎቼ ፊት የቆምኩ መሰለኝ። «የወባ ትንኝ እጭ ይበላል። ከነከሰ እንደ ንብ ያማል እንጂ ሰው አይመርዝም። ውኃው የብርካ ውኃ ነው። ባለቤቱን አስፈቅጄ ቀዳሁት።»

ጥፊው ሳይታሰብ መጣ። «አጥፋው! እንደገና!»

«እንቁላሉን የሚሸከመው ወንዱ ነው» አልኩ እንደገና። «ክንፍ እያለው አይበርም።»

ሁለተኛው ጥፊ ከንፈሬን ቀደደው። መርማሪው ጠርሙሱን ብድግ አድርጎ ከአፍንጫዬ አስጠጋው። ሸተተ፤ የቆየ ውኃ፣ የዝንብ ቆዳ፣ የሞቱ የነፍሳቱ ልጆች።

«መርዝ ካልሆነ ጠጣው!»

እጄን ዘረጋሁ። የምጠጣ ይመስለኛል፤ ዛሬ እርግጠኛ ነኝ ብል ግን እዋሻለሁ። ያን ጊዜ ሽማግሌው ተናገረ።

«እሱ አይደለም።»

«ምን አልክ?»

«መጀመሪያ የሚጠጣ እሱ አይደለም። ውኃው የኔ ነው።»

በእነሱ ሰፈር ሐጋው፣ ማለትም ደረቁ ወቅት፣ መጥቶ ብርካ ሲከፈት መጀመሪያ የሚጠጣው ባለቤቱ ነው፤ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየው። ቀጥሎ እንግዳ ካለ እንግዳው ይጠጣል፣ ከዚያ ጎረቤት፣ ከዚያ ከብት። ባለቤቱ ቀድሞ ያልጠጣውን ውኃ ማንም አይነካም። ግቢው ውስጥ ካሉት ጠባቂዎች ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ ለዚህ ይመስለኛል ሽማግሌው ወደ ጠረጴዛው ሲራመድ ማንም ያልያዘው።

ጠርሙሱን ከመርማሪው እጅ ወሰደው። የሻሹን ጫፍ በጠርሙሱ አፍ ላይ ወጥሮ ያዘ፣ ቢስሚላህ አለ፣ በጨርቁ ውስጥ እየመጠጠ ጠጣ። አልቸኮለም። ጉሮሮው ሲወጣ ሲወርድ እያየን ነበር። ሲጨርስ ጢሙን ጠረገና ሻሹን ሳያነሳ ጠርሙሱን ወደ እኔ ዘረጋ።

«መዓሊን። ተራህ ነው።»

በእግሩ አልገፋውም፤ በቀኝ እጁ ነው የሰጠኝ። ጠጣሁ። ለብ ያለ፣ ጭቃ ጭቃ የሚል፣ ምላስ ላይ የሚቀር ውኃ ነበር። ከጨርቁ ማዶ የአባትየው እግሮች ሲቧጥጡ ከንፈሬ ላይ ይሰማኛል።

መርማሪው ካሜራ የያዘውን ሰውዬ «የቀረፅከውን አጥፋ» አለው። ከዚያ ጠርሙሱን ነጥቆኝ መሬት ላይ ደፋው። የውኃ ትኋኑ እግሮቹን አጥፎ የሞተ መሰለ፤ አደጋ ሲመጣበት ልማዱ ነው። ነከሰው ብዬ ብጽፍ እንዴት ደስ ባለኝ፤ ማን ያውቅብኛል? አልነከሰውም። መርማሪው በጫማው ጨፈለቀውና ሶሉን መሬቱ ላይ ጠረገ።

«እስከ ማታ እናያችኋለን» አለ። «ከታመማችሁ መርዝ ነው። መርዝ ከሆነ ደግሞ የምትሄዱበት ይታወቃል።»

ከቀትር በኋላ ሆዴን ቆረጠኝ። ቀልድ አልነበረም፤ አንጀቴን በገመድ የሚጠመዝዙት መሰለኝ። የሽማግሌውን ፊት ሳየው ከግንባሩ ላብ ይንቆረቆራል፤ ጣሪያው ስለጋለ እንዳይባል እሱ ብቻ ነው የሚያልበው። ሁለታችንም ግድግዳውን ተደግፈን ቀጥ ብለን ተቀመጥን። ማንም አላቃሰተም። ሾፌሩ ባልዲውን አጠገባችን አደረገና በር ላይ ቆሞ ዘፈን ጀመረ፤ ድምፁ የሚያስጠላ ነበር፤ የባልዲውን ድምፅ ስለሸፈነልን ግን ጠቀመን።

ጠባቂው በየጊዜው በሩን ይከፍታል።

«ወርያ! ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን» እላለሁ፤ ጥርሴን ነክሼ ፈገግ እላለሁ።

ሽማግሌው ደግሞ ቃል በቃል ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚለው፦ «ውኃው ጥሩ ነው።»

አንዴ ጠባቂው እንደ ወጣ ወገቤ ጎበጠ፤ ድምፅ ሊያመልጠኝ ነበር። ሽማግሌው ክንዴን ያዘኝ። ማጽናናት አልነበረም፤ ጥፍሩ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። «ካቃሰትክ እገድልሃለሁ» አለኝ በሹክሹክታ። የምሩን ነበር። አላቃሰትኩም። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት መርማሪው ራሱ መጣ፣ በሩ ላይ ቆሞ አየንና ሄደ።

ሌላ ፊልም ሳይቀረፅ ቀረ። እኔን ከሳምንታት በኋላ ያለ አንዳች ማብራሪያ ለቀቁኝ፤ ሾፌሩንም እንደዚያው። ሽማግሌው ብዙ ቆየ፤ ግን «አልሄደም»። ባለጊዜው ጊዜው አልፎበት ከአገር ሲወጣ ብርካው ከባለቤቱ ጋር ነበር።

ዛሬም አስተምራለሁ። የውኃ ትኋን ላይ ስንደርስ ሰሌዳው ላይ እስለዋለሁ፤ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ። መርማሪውን ይቅር ብያለሁ ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አላልኩም፤ እንድል የሚገፋኝም ነገር የለም። በቅርቡ ሐጋ ላይ ግን በሚኒባስ ወደ ብርካው ሄድኩ። ሽማግሌው በጣም አርጅቷል፤ አየኝ፣ አልሳቀልኝም፣ ሰላምታዬን ግን መለሰ።

«ጠርሙስ ይዘሃል?»

«አልያዝኩም፣ አዴር።»

«ጥሩ።»

ያን ቀን ብርካው ሲከፈት አጥልሎ መጀመሪያ እሱ ጠጣ። ሁለተኛውን ጣሳ ጎረቤቶቹ እያዩ በእጁ ለእኔ ሰጠኝ። ጠጥቼ ስጨርስ ስንት ዓመት ያስቀመጥኩትን ጥያቄ ጠየቅሁት።

«አዴር፣ ያን ቀን እርስዎንም ሆድዎን ቆርጦዎት ነበር አይደል?»

ጎረቤቶቹን አየ፤ ጣሳቸውን ይዘው ወረፋ ወደቆሙት ሴቶች ተመለከተ። ከዚያ እንደዚያ ቀን ክንዴን ያዘኝ፤ ጥፍሩ ዛሬም ጠንካራ ነው።

«ውኃው ጥሩ ነው» አለኝ።